ወጨፎዬን የሳለው ትል

በጣሊያን ዘመን ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ጠመንጃ በመደበቅ የሚስተካከለኝ ሰው አልነበረም። ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን እስከ ጎንደር ባልኩ ነበር። ሌላው ሰው ጠመንጃውን በቤቱ ክዳን ሲሸጉጥ፣ በጎተራ እህል ውስጥ ሲቀብር፣ በንብ ቀፎ ሲከት፣ በጣሊያን የተቀጠሩት ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ እያነፈነፉ ያወጡበት ነበር። የእኔን ግን አውሮፕላን ቢያንዣብብ፣ መነጽር ቢደገን፣ አለቃቸው ሹምባሹ ራሱ ከላዩ ተቀምጦ ምሳውን ቢበላ አያገኘውም። አላገኘውምም።

ያገኘው ትል ነው።

አዎ፣ ትል። ወገቡን እያጠፈ የሚሄድ፣ ርዝመቱ የትንሿን ጣቴን የማያህል፣ አረንጓዴ የጌሾ ትል። መንግሥት ያላገኘውን እሱ አገኘው፤ አግኝቶም ዝም አላለም፣ በአደባባይ ሥዕሉን ሳለው።

ቤቴ ያኔ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ከላይ ደጋው ብርዱን ይልክልናል፣ ከታች ቆላው ሙቀቱን፤ እኛ መካከል ሆነን ሁለቱንም እናማለን። ዛሬ ጸጉሬ ግማሹ ሸብቷል፤ ያኔ ግን ሠላሳ አልሞላኝም፣ ሚስት አግብቼ ልጅ ገና አልወለድኩም። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ክረምት «መሣሪያ ያለህ አስረክብ፤ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል፣ ቤቱም ይቃጠላል» ተብሎ በገበያ ታወጀ። ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከላይኛው መንደር አንድ ሰው በጎተራው ጠመንጃ ተገኝቶበት በገዛ ደጁ ሾላ ላይ ሰቅለውት፣ እንዳይወርድ ዘበኛ አቁመውበት ከረሙ። በዚያ መንገድ ሳልፍ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ አላይም።

እኔ ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት አንድ ወጨፎ የሚባል የጥንት ጠመንጃ ነበረኝ። ጥይቱ አራት ነው። ከአራቱ ሁለቱ እንደማይተኩሱ አውቃለሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን እጠረጥራለሁ። ቢሆንም ወጨፎ ወጨፎ ነው። ለጣሊያን አስረክቤ ባዶ እጄን ብመለስ አባቴ በመቃብሩ ውስጥ ተገላብጦ ጀርባውን ይሰጠኛል ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ በነሐሴ፣ መሬቱ እንደ ቅቤ በሚቆረጥበት ወራት፣ ከቤቴ በላይ ካለው የጌሾ ተክሌ ገባሁ። ጌሾዬ ሦስት ረድፍ ነበር፤ ቅጠሉን ጠላና ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች ከሩቅ እየመጡ የሚሻሙበት፣ ሲጠሩት ከነስሙ የሚመር ጌሾ። የመካከለኛውን ረድፍ ሥር ተከትዬ ሦስት ክንድ ያህል ጉድጓድ ማስኩ። መንገዴ ላይ የገጠመኝን ሥር ሁሉ በመጥረቢያ እየቆረጥኩ አለፍኩ። «ጌሾ ምን ይሆናል፤ እንጨት አይደለ» አልኩ። ወጨፎውን በሞራ ቀብቼ፣ በቆዳ ጠቅልዬ አጋደምኩት፤ አፈር መለስኩበት። ያን ቀን የዘነበው ዝናብ የእጄን ፈለግ አጥቦ፣ በማግስቱ እኔ ራሴ ቦታውን ፈልጌ እስካጣው ድረስ አስተካከለው። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ጠመንጃ መደበቅ ኃጢአት ከሆነ ሲወጣ እንናዘዘዋለን አልኩ።

ክረምቱ ወጣ፤ ጥቅምት አለፈ። በኅዳር ከመካከለኛው ረድፍ አራት እግር ጌሾ መልካቸው ፈዘዘ። ቅጠላቸው የወባ በሽተኛ ዐይን መሰለ። ግራና ቀኛቸው ያሉት ግን ይባስ ብለው አረንጓዴ ሆኑ። በጥር ትሉ መጣ። እንደመጣም ወዲያ ወዲህ አላለም፤ ሠርግ እንደ ተጠራ ሰው በቀጥታ ከአራቱ ላይ ሰፈረ።

ጠዋት ጠዋት እየለቀምኩ ለዶሮዎቼ ሰጠሁ። ዶሮዎቼ በትል ብዛት መብረር እስኪያቅታቸው ወፈሩ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሌላ ትል፣ እነዚያው አራቱ ላይ። በየካቲት አጋማሽ አንድ ቀን ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ሽቅብ አየሁ። ሁለቱ ረድፍ አረንጓዴ ነው፤ መካከል ላይ ግን ሦስት ክንድ የሚሆን ቀጥ ያለ ራቁት ጭራሮ። ከወደ ሰደፉ ሰፋ፣ ከወደ አፈሙዙ ጠበብ ብሎ ታየኝ። ማነጣጠሪያዋ እንኳ አልቀረም። የተነጣጠረችውም ከቤቴ ትይዩ ጉብታው ላይ ወደ ተሠራው የጣሊያን ምሽግ ነበር።

«ታዲያ ቆፍረህ ቦታ አትቀይርለትም ነበር?» የሚል ሰው በዚያ ዘመን ያልኖረ ነው። በበጋ የተማሰ አፈር እስከ ክረምት ድረስ እንደ ቁስል ይታያል፤ ከምሽጉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መነጽር አይጠፋም። አንድ ቀን ደፍሬ በቀትር ዶማ ይዤ ወጣሁ። ገና ሳላነሣው አንድ መንገደኛ ከታች «ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ወራት ምን ልትዘራ ነው?» አለኝ።

«ትል» አልኩትና ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ አጠራጠረኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ የለ? እኔ ግን ጠርጥሬም ልመነጠር ነው መሰለኝ። ያ መንገደኛ ለምን ጠየቀኝ? ለምንስ «ወንድም ጋሼ» አለኝ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የምንቀራረበው? የመንደራችን ጭቃ ሹም ትናንት ሰላምታ ሲሰጠኝ ለምን ሁለት ጊዜ እጅ ነሣኝ? ሚስቴም ብትሆን እኔን መጠርጠር ጀምራለች።

«አንተ ሰው፣ ጌሾ ሥር ምን ጣልክ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ትል እየለቀምኩ ነው።»

«ትል ቅጠል ላይ ነው ያለው። አንተ የምታየው መሬት መሬቱን ነው።»

«የወደቀውን እያየሁ ነው።»

«እሺ። የወደቀው ቀሚስ የለበሰ ከሆነ ግን እኔም ወጥቼ አብሬ እለቅመዋለሁ።»

ሌላ ሴት አለችው ብላ ነው። ልክደው አልኩና ተውኩት፤ በሴት መጠርጠር በወጨፎ ከመጠርጠር ይሻላል አልኩ። ለአንድ ሳምንት ሽሮ ያለ ጨው በላሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ያጠራጠሩኝ ግን ጎረቤቴ ነበሩ። ከእኔ ጌሾ በታች ባለው እርከን ጫት የሚያበቅሉ፣ በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ወርደው ጨውና ጥጥ የሚነግዱ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ከአባቴ ጋር ጥሩ ጎረቤት ነበሩ፤ ከእኔም ጋር ክፉ ነገር አልነበረንም። ነገር ግን ጣሊያን በዚያን ጊዜ ሙስሊሙን በክርስቲያኑ ላይ ለማስነሣት «እኔ ወዳጅህ ነኝ» ይል ስለነበር፣ እኔም እንደ ብዙው ሞኝ፣ ባዩን ሳይሆን የተባለለትን ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። ሽማግሌው ከገበያ ሲመለሱ ከጌሾዬ ዳር ይቆማሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው አራቱን በሽተኞች ያያሉ። ከደኅናው አንድ ቅጠል ይቀነጥሳሉ፤ አኝከው ይተፋሉ። ከታመመው ይቀነጥሳሉ፤ አኝከው ይተፋሉ። ጠላ በደጃቸው አልፎ የማያውቅ ሰው ጌሾ ምን ያደርግላቸዋል?

አንድ ቀን ቀረብኩና «ጋሼ፣ ከጌሾዬ ምን አጡ?» አልኳቸው።

«ምንም። ይኼኛው ይመራል» አሉ የደኅናውን ቅጠል እያሳዩኝ። «ያኛው ግን ምሬቱ ጠፍቶ ለስልሷል።»

«እና?»

«እና ምንም። ጥርስ ለሌለው ይመቻል ማለቴ ነው።» ከዚያ፣ በዐይኔ በብረቱ አየኋቸው፣ ክንዳቸውን በራቁቱ ጭራሮ ጎን እያጋደሙ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ለኩና «ሱብሃነላህ» ብለው ሄዱ።

ያን ዕለት ምግብ አልበላሁም። ለኩ! በክንድ ለኩ! ይኼ ርዝመት ምሽጉ ጋ ከደረሰ ገመዱም በዚያው ልክ ይታዘዛል ብዬ አንገቴን ስዳብስ ዋልኩ።

ሚስቴ በበኩሏ ነገሩ መልካም አይደለም ብላ ንስሐ አባቴን ጠራች። ጠበል ይዘው መጡ፤ የጠበሉን ዜና የሰማ መንደርተኛም ተከትሎ መጣ። እኔ የምፈልገው ሰው ወደ ጌሾዬ እንዳያይ ነው፤ ሚስቴ ሠላሳ ሰው አሰልፋ አመጣችልኝ! አባ ጸልየው አራቱን ጌሾ አንድ በአንድ ረጩ። ትሉ ራሱን ቀና አድርጎ ተጠመቀና መብላቱን ቀጠለ።

«ይህስ ጾመኛ ትል ነው» አሉ አባ ዝቅ ብለው እያዩ። «ከአራቱ በቀር አይቀምስም።»

ከሰዉ መካከል አንዱ «ደግሞስ እንዴት ቀጥ ብሎ ነው የበላው! ገመድ ዘርግቶ የሚበላ ነው የሚመስል» አለ።

ሌላው «ከሥሩ አንድ ነገር ቢኖር ነው» አለና ጎንበስ አለ።

አንድ ነገር ካልተናገርኩ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ሊል ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር።

«መተት ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«የማን መተት?» አለ ጭቃ ሹሙ።

ቁልቁል ወደ ጫቱ እርከን አየሁ። ሠላሳ ሰውም ከእኔ ጋር ቁልቁል አየ። መሬት የሚያይ ሰው አልቀረም። ተንፈስ አልኩ።

ውሸት ሲጀመር ለሌላ ሰው ነው፤ ሲውል ሲያድር ግን መጀመሪያ የሚያምነው ዋሾው ነው። እኔም በሳምንቱ ሽማግሌው መተተኛ መሆናቸውን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት አመንኩ። በለቅሶ ቤት አወራሁት፤ በወፍጮ ቤት አወራሁት። መጀመሪያ ሌባ ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ትል ይወርዳል ነበር የምለው፤ ኋላ ላይ ሲያዛጉ ከአፋቸው ይወጣል ብዬ ጨመርኩበት።

ከዚያ ደግሞ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።

ሁዳዴ ገብቶ ሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ስወጣ ሽማግሌው በጌሾዬ መካከል ጎንበስ ብለዋል። በእጃቸው የእንሰት ቅጠል ይዘዋል፤ ቅጠሉ ላይ ትል ይርመሰመሳል። ከታመሙት እየለቀሙ ከደኅናዎቹ ላይ፣ እንደ ዘር እየቆጠሩ፣ ያስቀምጡታል።

«ኡ! ኡ! ድረሱልኝ! ትል ሲዘራ ያዝኩት!»

ጩኸቴ ምሽጉ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መንደርተኛው መጣ፤ ሽማግሌውን ይዘን ጭቃ ሹሙ ደጃፍ አቆምናቸው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ተቀመጡ።

«እውነት ነው፣ ትሉን ከዚህ ወደዚያ አዛውረዋል?» አላቸው ጭቃ ሹሙ።

«አዛውሬአለሁ።»

«ስለ ምን?»

አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩና «ተጨናንቆ አየሁት፤ ቦታ ላሰፋለት ብዬ ነው» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን «በሰው ተክል መቀለድ አይገባም» ብሎ ነገሩን ለሚያዝያ ቀጠረው። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ አሸናፊ ሆኜ ተመለስኩ። ሚስቴ ግን «ሰው ሲሰደብ እንዲህ ዝም የሚለው ወይ በደለኛ ሲሆን ነው፣ ወይ ለሌላ ሰው ሲል ነው» አለችኝ። ይህን ንግግሯንም ጠረጠርኩት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አየሁ። ሽማግሌው ከደኅናዎቹ ላይ ያስቀመጡት ትል የለም። ጥቂቱ ሞቶ መሬት ወድቋል፤ ጥቂቱ ቅጠሉን እዚህም እዚያም ነክሶ ትቶታል፤ የቀረው በግንዱ ወርዶ፣ አፈሩን ተሻግሮ፣ ወደ አራቱ በሽተኞች ተመልሶ ወጥቷል። የደኅናዎቹ ቅጠል ያን ያህል አልተጎዳም። የምን መተት ነው ይኼ? በግማሽ መንገድ የሚመለስ መተት አይቼ አላውቅም።

እንዲህ እያልኩ ስገረም ሽማግሌው ጌሾዬን ከሚያጠጣው የውሃ ቦይ ዳር ተቀምጠው ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አዩኝ፤ በእጃቸው ጠሩኝ። ፈራሁ፤ ግን ሄድኩ።

«ተቀመጥ። በአራት እግር ጌሾ ሥር ምን ቀብረሃል ብዬ አልጠይቅህም» አሉኝ።

«ኧረ ምንም! በእመቤቴ ምንም!»

«አልጠየቅሁህም አልኩህ እኮ።» ፊታቸውን በነጠላቸው አበሱ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከቅጠል ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅጠል የሚያኝክ ሰው ቅጠል የሚበላ ትልን ያውቀዋል፤ ጎረቤቱ ነው። የጠገበ ዛፍ ቅጠሉ ጠንካራ ነው፣ ይመራል፤ ትል ቢነክሰው መርዙን ያበላዋል። ሥሩ የተቆረጠ፣ ውሃ የጠማው ዛፍ ግን የሚከላከልበት ዐቅም የለውም። ሊሰደድ እንደሚጣደፍ ባለጠጋ ጓዳውን ሁሉ ወደ ደጅ ያወጣል፤ ምግቡ ሁሉ ቅጠሉ ላይ ይወጣል፣ ምሬቱ ይጠፋል። ትል ያን ጊዜ ከሩቅ ይመጣል።»

«ትል ሁሉ?»

«ትል ሁሉማ አይደለም። የወፈረ ዛፍ፣ ለጋ ቀንበጥ ካልሆነ የማይነካም አለ፤ የእኔን ጫት እንደዚያ ያለው ነው የሚያስቸግረኝ። ያንተ ትል ግን በሽተኛ ወዳጅ ነው። እንግዲህ በሽተኞቹ በአንድ መስመር ሦስት ክንድ ላይ ከተሰለፉ፣ ሥራቸውን የቆረጠው ሰው ነው ማለት ነው። ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን ሦስት ክንድ ጉድጓድ በነሐሴ የሚምሰው ሬሳ ለመቅበር አይደለም።»

«ታዲያ… ትሉን ለምን አዛወሩት?»

«መስመሩን ላጠፋልህ ነዋ፣ አንተ ቂል! ጌሾው ሁሉ ከተበላ ማን ለይቶ ያያል? ግን እምቢ አሉ። ሰውን በግድ ታበላዋለህ፤ ትልን አታበላውም።» ወደ ቦዩ በእጃቸው አመለከቱ። «አሁን መላው አንድ ነው። ይህን ቦይ ዝጋው። ተክሉን በሙሉ አስጠማው፤ ሁሉም ሲጨነቅ ትሉ ራሱ ወደ ሁሉም ይሄዳል። ጌሾው በበልግ ዝናብ ይመለሳል፤ አንገትህ ግን በበልግ አይበቅልም።»

ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ ቦዩን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ቦዩን ብዘጋ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጫታቸው! አሃ! ጌሾዬን በትል ማስበላት ቢያቅታቸው በገዛ እጄ ሊያስደርቁኝ ነው! ይህን በማወቄ ብልህነቴ አስደነቀኝ። ቦዩን ጭራሽ አሰፋሁት።

በሁዳዴው እኩሌታ ገደማ ፍተሻ መጣ። ከደብረ ብርሃን የመጣ የጣሊያን መኮንን በበቅሎ፣ ከኋላው ሹምባሹ፣ አስተርጓሚውና ሃያ የሚሆኑ አስካሪዎች። የብረት ዘንግ ይዘዋል፤ ጣሪያውን ይወጋሉ፣ ጎተራውን ይወጋሉ፣ የአመዱን ቁልል ይወጋሉ። መንደርተኛው ሁሉ በየደጁ ቆሟል። ከቤቴ ምንም አላገኙም። መኮንኑ ሊሄድ በቅሎውን አዞረና ቀና አለ። ጌሾው ላይ ዐይኑ ቀረ።

ያ ሰው በአገሩ የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ፈረንጅ አይቶት የሚያልፈውን እሱ ከበቅሎው ወርዶ አየው። በራቁቱ ጭራሮ ጎን በእግሩ ለካ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «ሌላው ደኅና ሆኖ እነዚህ ብቻ ስለ ምን ታመሙ? ይላል።»

በወፍጮ ቤት ሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት የምናገር ሰውዬ አንድ ቃል አጣሁ። ሹምባሹ ዘንጉን ከአፈሩ ላይ አቆመ። ሚስቴ ፊቴን አየች፤ ያን ጊዜ ከሥሩ ያለው ቀሚስ የለበሰ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ፣ ነጠላዋን ነከሰች።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ከታች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተደገፉ እርከኑን ወጡ። «እኔ ነኝ ሥራቸውን የቆረጥኩት። በውሃ ቦይ ተጣልተን፣ በክረምት ገብቼ በመጥረቢያ ቆረጥኩበት። ከዚያ ነው ትል የበላቸው።»

አስተርጓሚው ለመኮንኑ ነገረው። መኮንኑ ዐይኑን አጠበበ፤ አላመነም። ያን ጊዜ ጭቃ ሹሙ ብድግ ብሎ «እውነት ነው ጌታዬ፣ ክሱ እኔው ዘንድ ነው፤ ለሚያዝያ ተቀጥሯል» አለ። መንደርተኛውም «እውነት ነው! ወር ሙሉ ይጮኻል!» «በለቅሶ ቤት እንኳ ይህንኑ ነው የሚያወራ!» እያለ መሰከረ። በሽማግሌው ላይ የነዛሁት ስም ማጥፋት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ለእኔ ምስክር ሆኖ ተሰለፈ።

«አንተስ?» አለኝ አስተርጓሚው። «እሱ ነው?»

ሽማግሌው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «በል እንጂ» የሚል ዐይን ነው።

«እሱ ነው!» አልኩ። አንቱታውን እንኳ ጣልኩት። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ መቆም አልሆነልኝም። «ጌሾዬን ብቻ አይደለም! አምና በሬዬን በመርዝ ገድሎብኛል!» ብዬ ጨመርኩ። በሬ ኖሮኝ አያውቅም።

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው መኮንኑ ሳቀ፤ የገበሬ ጠብ በአገሩም የሰለቸው ይመስላል። ሹምባሹ በዘንጉ አንድ ጊዜ ወጋ፤ ሥር ነካና ተመለሰ። ከወጋበት እስከ ወጨፎው አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። መኮንኑ እጁን አወናጨፈና ፍርዱን ሰጥቶ በቅሎው ላይ ወጣ፤ ለሽማግሌው ዐሥር ጅራፍ፣ ለእኔ ደግሞ ካሳ ከመንጋቸው አንዲት ፍየል።

ዐሥሩን ጅራፍ ቆሜ ቆጠርኩ። ሽማግሌው «ያ አላህ» ከማለት በቀር ድምፅ አላሰሙም። አስካሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ያወለቁትን ጀለቢያቸውን ላነሣላቸው ቀረብኩ። ከእጄ ተቀበሉኝና ቀስ ብለው «ስለ በሬው እንኳ ባትጨምር መልካም ነበር» አሉኝ።

በዚያው ቀን ቦዩን ዘጋሁት። በሳምንታት ውስጥ ጌሾዬ በሙሉ ጠወለገ፣ ትሉም እንደተነገረኝ በሦስቱም ረድፍ ተበተነ፤ መስመሩ ጠፋ። በበልግ ዝናብ ጌሾው እንደገና አቆጠቆጠ። ወጨፎውም አንገቴም በየቦታቸው ቀሩ።

ፍየሏ ግን ከደጄ ታስራ ነበር። ቀይ፣ ጡቷ የሞላ፣ ቅጠል የማትመርጥ ፍየል ናት፤ የታመመውንም የዳነውንም እኩል ትበላለች። ሽማግሌው በመንገዱ ሲያልፉ ድምፃቸውን ታውቀዋለችና እየጮኸች ገመዷን ትጎትታለች። እሳቸውም ቆም ብለው «እንዴት ዋልሽ» ይሏትና ያልፋሉ፤ ለእኔም ሰላምታ አይነፍጉኝም።

«ፍየሏን መልስ» አለችኝ ሚስቴ።

«ዛሬ ብመልሳት ሰዉ ምን ይላል? ይጠረጥራል፤ ነገሩ ምሽጉ ጋ ይደርሳል።»

እውነት ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት። በሁለተኛው ሳምንት መኮንኑና ወታደሮቹ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። «አሁንስ?» አለችኝ። «ጭቃ ሹሙ አለ» አልኳት። በሦስተኛው ሳምንት ጭቃ ሹሙ ታሞ ተኛ። «አሁንስ?» «ሲሻለው ይሰማል» አልኳት። ሚስቴ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም፤ ፍየሏንም ማለብ ተወች።

ፋሲካ ደረሰ። ሥጋውን ከሽማግሌው ጋር ተካፍለን በላን ብዬ እንዳላስተባብል፣ የእኔ ካራ ያረፈበትን ሥጋ እሳቸው አይበሉም፤ ይህንም አውቅ ነበር። ሰበብ ልደርድር ብል እስከ ማታ እደረድራለሁ፤ የምችልበት ሙያ ነው። እውነቱ ግን ጾሙ ረዝሞብኝ ሥጋ አምሮኝ ነበር። ዐሥር ጅራፍ የተገረፉልኝን ሰው ፍየል አርጄ በላኋት፤ የተረፈውንም ቋንጣ አደረግሁት።